አገዳው የተቃጠለ ዕለት

"ዳድ፣ ጀስት ቴል ኸር" አለች ሚናብ የጫማዋን ክር እያሰረች። ንገራት ነው የምትለው። የምትነገረው ሴትዮ ደግሞ ከሁለት ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ፣ እዚያው ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋ ሻይዋን ፉት እያለች ተቀምጣለች። ሙጠሊብ ልጁን በዓይኑ ዝም በይ አላት። ልጅቱ ግን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዓይን የምትመለስበትን ዕድሜ አልፋዋለች። "ኢትስ ኸር ላንግስ፣ ዳድ። ሺ ሃዝ ኤ ራይት።" ሳንባው የእሷ ነው፣ ማወቅ መብቷ ነው ማለቷ ነው። ዓፊፋ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ምን ትላለች ልጅቱ?"

"ውጭው ይበርዳል፣ ጃኬት ደርቢ ነው የምትልሽ።"

"ውይ እናቴን! አንጀቷ እኮ ነው። አላህ ያሳድግሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።"

ሚናብ አክስቷን አየች፣ አባቷን አየች። አማርኛው አፏ ላይ እሺ ባይላትም ጆሮዋ አንድም አያመልጠውም። "ዋው" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩ ከወትሮው ጠንከር ብሎ ተዘጋ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። ረመዳን በተፈታ ሰሞን፣ ሳን ሆዜ ያለች የሳንባ ሐኪም ዓፊፋን አስቀምጣ ብዙ ተናገረች። ይህ ሳንባ የምድጃ ጭስ ለዓመታት ሲያገኘው የኖረ ነው፤ ውስጡ ጠባሳ ይዟል፤ ጠባሳው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከእንግዲህ ጭስ የሚባል ነገር በአጠገቧ እንዳያልፍ፤ አንድ ቀን ክፉኛ ከመታት ላትነሣ ትችላለች። ሙጠሊብ ሁሉንም ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ እህቱ ዞሮ "ትንሽ አለርጂ ነው፤ ይህንን ፓፍ ጠዋትና ማታ ሳቢ አለችሽ" አላት። ዓፊፋ ሳቀች። "ያ ሁሉ ወሬ ለዚች ነው? ፈረንጅ መቼም ሲናገር አይደክመው" አለች። መዋሸቱ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ውሸት ብሎ አልጠራውም። እነሱ ባደጉበት ቤት ለታመመ ሰው ቁርጡን ፊት ለፊት መንገር ነውር ነው። የሞተ ሰው እንኳ መርዶው የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀን ተመርጦ፣ ደጋፊ ከግራና ከቀኝ ተቀምጦ ነው። እሱም ቀን ሲገኝ እነግራታለሁ አለ። በሳምንቱ ግን ዓፊፋ "ዘንድሮ ሐጅ ብሄድ ምን ይመስልሃል?" ብላ ጠየቀችው። ሙጠሊብ በተከራየው መሬት ላይ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ መሬቱን ትቶ ሊወስዳት አይችልም፤ ብቻዋንም አይለቃትም። "ለከርሞ አብረን እንሄዳለን፣ አብሽሪ" አላት። "ለከርሞ ኢንሻአላህ" አለች እሷም፣ ደስ ብሏት። ለከርሞ ላትደርስ እንደምትችል እያወቀ ነው ያላት፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ያ መደበቅ ደግነት መሆኑ ቀርቷል፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቀው የነበረው ራሱ ሙጠሊብ ነው።

መሬቱ ብሬንትውድ ዳር ነው፣ ከኦክላንድ አንድ ሰዓት ገደማ ቢያስነዳ ነው። ሙጠሊብ እንጀራው ሹፌርነት ነው፤ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ያመላልሳል። እዚያ መሬት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ባለመሬቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ጫፉን ሲያከራየው ማንም ያላሰበውን ማሽላ ዘራበት፣ ከመሐሉም ጥንቅሽ። በበጋው የወሎ ሰው ሁሉ ከሳን ሆዜም ከኦክላንድም እየነዳ መጣ። ትልልቅ ሰዎች፣ የራሳቸው ሱቅ ያላቸው፣ ሽበት የወረሳቸው፣ ጥንቅሹን በጥርሳቸው እየላጡ እንደ ልጅ አገጫቸው ላይ አንጠባጠቡ። ዳሊ ሲቲ የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት አሮጊት አንድ ዘለላ እሸት ታቅፈው አለቀሱ። "ገበሬው" ብለው ስም አወጡለት፤ በዚህ ሀገር በኖረበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ስም የጣመው ነገር የለም። አሁን እሸቱም ተበልቷል፣ እህሉም ገብቷል፣ የቀረው ደረቅ አገዳ ነው። ባለመሬቱ ወሩ ሳያልቅ ጠርገህ አስረክበኝ ብሏል። አገዳውን የሚከታትፍ ማሽን አለ፤ ኪራዩ ግን የሚኖሩባትን የኦክላንድ አፓርታማ የአንድ ወር ኪራይ ያህላል። ማቃጠል ፈቃድና የተፈቀደ ቀን ብቻ ነው የሚፈልገው። ፈቃዱን ባለመሬቱ አውጥቷል። ዛሬ ጠዋት ሙጠሊብ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ስልክ ሲደውል የተቀዳው ድምፅ ዛሬ ማቃጠል ይቻላል አለ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ዝናብ ነው።

ሚስቱ ሌይላ ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ባቡሩን ለመያዝ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። የምሳ ዕቃዋን እየዘጋች "ይዘሃት እንዳትሄድ" ብላው ነበር።

"ልምጣ ካለች ምን ብዬ ላስቀራት?"

"እውነቱን ብለህ።"

የምሳ ዕቃዋን አነሣና አቀበላት። ሻርፗን ጠቅልላ ሄደች።

ሚናብ ከወጣች በኋላ ዓፊፋ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ስባ በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ፌስታልና የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛለች።

"የት ነው?" አላት።

"ካንተ ጋር ነዋ። ዳር ዳሩን የቀረ ጥንቅሽ አይቻለሁ ባለፈው። የጁምዓ ለት ለመስጊድ ልጆች አድላለሁ።"

"እታለም፣ እኛ እኮ የምንሄደው አገዳውን ልናቃጥል ነው።"

"ምን ልታደርጉ?"

"ልናቃጥል። ሜዳው መጽዳት አለበት።"

"ዝም ብላችሁ? ምንም ሳይበስልበት?" ቢላዋውን ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ትክ ብላ አየችው። "ላም አይበላው፣ አጥር አይሆን፣ ጣራ አይሆን፣ እሳቱ ላይ ድስት አይጣድ? አንተ ልጅ፣ ያን አገዳ ተሸክሜ እኮ ነው ያሳደግሁህ። ጀርባዬ ላይ የሚያሳክከኝ እስከ ዛሬ ነው።"

"ሀገሩ እንዲህ ነው፣ ምን ላድርግ።"

"እንግዲያማ ሳይነድ የሚተርፈውን ላትርፍ። ተነሥ፣ እንሂድ።"

መንገዱ ሩቅ ነው አላት። ተኝቼ እሄዳለሁ አለች። ይበርዳል አላት። ጃኬት ለብሻለሁ፣ ልጅህም መክራኛለች አለች። ሌላ ምክንያት ፈለገ። አንድ ብቻ ነበረች፤ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣችና ተመለሰች። የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

መንገዱ ላይ ዓፊፋ አልተኛችም። የቤቶቹን ዋጋ ትጠይቃለች፤ ይህኛውስ ስንት ያወጣል፣ ያኛውስ፤ እሱ ሲነግራት "ያረቢ! ለዚች ለጣውላ?" ትላለች። ኮረብታውን አልፈው ወደ ሜዳው ሲወርዱ ሰማዩ ተቀየረ። የተፈቀደ ቀን ነውና ሌሎቹም ገበሬዎች ያቃጥላሉ፤ እዚህ የወይን ቅርንጫፍ፣ እዚያ የተነቀለ የኮክ ዛፍ፣ ወዲያ ማዶ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ከሩቅ ሲያዩት እያንዳንዱ ጭስ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ምሰሶ ነው። ከፍ ሲል ግን አንዱ ካንዱ ይገናኛል፣ ይተኛል፣ ከኮረብታ እስከ ኮረብታ አንድ ቡናማ ክዳን ይሆናል። ከክዳኑ ሥር አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆች ኳስ ያባርራሉ። እያንዳንዱ ገበሬ የሚያየው የራሱን ክምር ብቻ ነው፤ ሙጠሊብም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር። መስኮቶቹን በሙሉ ዘጋ፣ የውጭውን አየር የሚያስገባውንም አጠፋ። ዓፊፋ አንድ ሁለቴ ሳለችና አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ገጠር ገጠር ይሸታል፣ ማሻአላህ" አለች።

ሊያግዘው የተቀጣጠረው ሸረፈዲን ቀድሟቸው ደርሷል። የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሳን ሆዜ ታክሲ ይነዳል፤ እርሻ የሚባል ነገር ሙጠሊብ እስኪያመጣበት ድረስ በቴሌቪዥን ነው የሚያውቀው። የውሃ በርሜሉን ሞልቶ፣ መንሹን እንደ ጦር ተክሎ ቆሟል።

"እትዬ ዓፊፋ! እርስዎም ለሥራ መጡ? እንግዲህ ደመወዝ የለም፣ ቀድሜ ልንገርዎ።"

"አንተን ብሎ ገበሬ። ጫማህን እየው፣ እንደ ሙሽራ።"

"ኋይት ነው እንጂ አሮጌ ነው፣ ወላሂ።"

ሙጠሊብ መኪናውን ጭሱ ይመጣበታል ብሎ ከሚያስበው ተቃራኒ ወገን፣ ራቅ አድርጎ አቆመና ወደ እህቱ ጎንበስ አለ። "እታለም፣ ከመኪና አትውረጂ። ብርድ ነው፣ ይመታሻል። ጥንቅሹን እኔ አመጣልሻለሁ።" እሺ አለች። ማሞቂያውን ለቀቀላት። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ጭስ ነው አላላትም፣ ብርድ ነው ነው ያላት።

ክምሩን ለኮሱት። ደረቅ አገዳ እሳት ሲያገኝ ድምፁ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ አንጓ እየፈነዳ ይጮኻል፣ ከዚያ ነበልባሉ አንድ ጊዜ ሽቅብ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች ዳር ዳሩን እየዞሩ የተበተነውን በመንሽ ይሰበስባሉ፣ ወደ ሣሩ የሚሾልከውን ውሃ ያፈሱበታል። ጭሱ መጀመሪያ እንደታሰበው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ፀሐይ ከደመናው ወጣች። ሙቀቷ ደስ ይላል፤ ሸረፈዲን ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረ። ሙጠሊብም ጀርባው ሞቅ አለውና "አልሐምዱሊላህ" አለ። ብርዱ ሲያልፍ እህቱን መኪና ውስጥ ያስቀመጣት ምክንያትም አብሮ እንዳለፈ አልታየውም።

"ሰውዬው፣ ዊንዱ ቼንጅ እያደረገ ነው" አለ ሸረፈዲን።

እውነትም ነፋሱ ዞሮ ጭሱ አጎነበሰ። አንድ ትልቅ እጅ ከላይ የተጫነው ይመስል መሬት ለመሬት መሄድ ጀመረ፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ ሰውን ከወገቡ በታች የሚውጥ። ሙጠሊብ ወደ መኪናው ቀና ብሎ አየ። የመኪናው በር ክፍት ነው።

መንሹን ጥሎ ሮጠ። "እታለም!" ይላል፤ ጭሱ አፉ ውስጥ ይገባል። ዳር ላይ፣ ያልታጨደው ጥንቅሽ ዘንድ፣ ሳሏ ነበር የመራው። ዓፊፋ ቁጢጥ ብላ አገዳ ትቆርጣለች፣ ትስላለች፣ ደግሞ ትቆርጣለች። ከጭስ መሸሽ የሚባል ነገር ሐሳቧ ውስጥ የለም፤ ጭስ ውስጥ ተወልዳ፣ ጭስ ውስጥ አብስላ፣ ጭስ ውስጥ ልጅ አሳድጋ የመጣች ሴት ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ ሥራዋን ትሠራለች። ብብቷ ሥር ጎትቶ ሲያነሣት ሳቀችበት።

"ምን ሆነህ ነው? ብርዱ እኮ አለፈ" አለች። ቃሉን ለመጨረስ ግን ሦስት ጊዜ አየር ፈለገች፤ ሦስተኛው አልመጣላትም።

ተሸክሟት ወደ መኪናው ወሰዳት። ፓፉን አፏ ላይ አድርጎ ጫነው፣ ደግሞ ጫነው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች ይገተራሉ። ሸረፈዲን ደረሰ።

"911 ኮል አድርግ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?"

"እኔ አደርሳታለሁ። ቤቷ ገብታ ትንሽ ብታርፍ..."

"የምን ቤት! ሙጠሊብ፣ ሴትየዋን አታይም?"

"አንተ እሳቱን ጠብቅ። ትቶ መሄድ አይቻልም።"

ለምን እንዳልደወለ እሱ ያውቃል። አምቡላንስ ከመጣ ሰዎቹ ይጠይቃሉ፣ ምን አለባት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሐኪም ምን ብሏት ነበር፤ እሷ እዚያው ተኝታ፣ ዓይኗን ገልጣ። የፈራው ይህንን ነው። ኮረብታውን መልሶ እስኪወጣ ድረስ ይህንኑ እየፈራ ነዳ። "አብሽሪ እታለም፣ ደረስን" ይላል በየደቂቃው፤ ሳይደርሱ። እሷ መልስ መስጠት ካቆመች ቆይታለች፤ የምትተነፍሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚሳብ ነገር። ኮረብታውን የሚያቋርጠው የመኪና ዋሻ ውስጥ ሲገቡ፣ በዚያ ቢጫ መብራት፣ ዘወር ብሎ አያት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ያኔ ቤት የሚለው ሐሳብ ከራሱ ወጣ። ከዋሻው እንደወጣ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መውጫ አለፈና ጡሩምባ እያስጮኸ፣ መብራት እየጣሰ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መኪናውን አስቆመ።

ከዚያ በኋላ ብዙ እጆች ወሰዷት። እሱ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ እጁን ሲያሸት ቆየ፤ ቢታጠብም እጁ አገዳ አገዳ ይሸታል። ከሸረፈዲን የሰማችው ሌይላ ደወለች፣ አላነሣም። ሚናብ ጻፈች፤ "ኢዝ ሺ ኦኬ?" አልመለሰም። ሲያስገቡት ዓፊፋ ጭንብል አፏ ላይ ተደርጎላት፣ ጀርባዋ በትራስ ቀና ተደርጎ ተቀምጣለች። ቀለሟ ተመልሷል፤ ዓይኗ ግን ጎድጉዷል። አንድ ወጣት ሐኪም ደረቱ ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። አንዲት ነርስ በዘንግ ላይ የተሰካ ስክሪን እየገፋች መጣች።

"እኔ ወንድሟ ነኝ፣ እኔ አስተረጉማለሁ" አለ ሙጠሊብ በእንግሊዝኛ።

ሐኪሙ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ ጉዳይ በቤተሰብ አናስተረጉምም፣ ደንባችን ነው አለ። ስክሪኑ በራ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች፣ ሰማያዊ ግድግዳ ፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት ታየች።

"ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ የሚነገረውን ሁሉ እንዳለ እተረጉማለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።"

"እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ" አለች ዓፊፋ በጭንብሉ ውስጥ። "ሀገርሽ... የት ነው?"

ልጅቱ ፈገግታዋን ያዝ አደረገችና ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ታማሚዋ ሀገሬ የት እንደሆነ እየጠየቁኝ ነው አለች። ሐኪሙም ፈገግ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልሳቀ ሙጠሊብ ብቻ ነው።

"ስለ ጤናዎ ወንድምዎ ባሉበት ብንነጋገር ይፈቅዳሉ?" አለች ልጅቱ የሐኪሙን ቃል ስትተረጉም።

"ምን ሚስጥር አለ። ይቁም።"

"ሐኪሙ የሚሉት፣ ምስሉ ላይ ሳንባዎ ውስጥ የቆየ ጠባሳ ይታያል። የማይድን ጠባሳ ነው። ከዚህ በፊት ስለዚህ ሐኪም ነግሮዎት ያውቃል?"

ሙጠሊብ የአልጋውን ብረት ያዘ። እህቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ረጅም ጊዜ ብቻ አየችው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ትንሽ ሆኖ ከትምህርት ቤት ደም ለብሶ ሲመጣ እንደምታየው፣ የት ጋ እንደተመታ እንደምትፈልግ። እሱ ወለሉን አየ። የጫማው ጫፍ ላይ አመድ አለ።

"ነግረውኛል" አለች።

"ከጭስ እንዲርቁ ተነግሮዎት ነበር?"

"ተነግሮኛል። ወንድሜ አንድ ሳያስቀር ነው የነገረኝ።" አየር ሳበች። "እኔው ነኝ እልኸኛዋ።"

ልጅቱ እንዳለ ተረጎመችው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ሐኪሙ ገባኝ አለ። ሙጠሊብ ይቅር አለችኝ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ፣ "እታለም፣ እኔ..." ብሎ ጀመረ። እጇን አነሣች። ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ እጇ ግን ወደ እሱ አልነበረም የሚሄደው፣ ወደ ስክሪኑ ነው።

"ልጄ፣ አንቺ እንዳትሄጂብኝ። የምጠይቀው አለኝ።"

"ምን ልትጠይቂ ነው? እኔ እኮ አለሁ" አለ ሙጠሊብ።

"አንተ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።

"ሐኪሙን ጠይቂልኝ" አለች፤ ቃል ከቃል እያሳረፈች። "ስንት ጊዜ አለኝ? ወር ከሆነ ወር፣ ቀን ከሆነ ቀን። እንዳለ ንገሪኝ።"

ልጅቱ ጠየቀች። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ስክሪኑን ትቶ ዓፊፋን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ተናገረ። ሙጠሊብ እንግሊዝኛው ገባው፣ እያንዳንዱ ቃል። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ገና አልጀመረችም። ሙጠሊብ ያን የሰማውን ይዞ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ እህቱ ዞር ብትል ፊቱ ላይ ታነበዋለች። ዓፊፋ አልዞረችም። ዓይኗን ከማታውቃት ልጅ አፍ ላይ ሳትነቅል ትጠብቃለች።